የጽሕፈት ጠረጴዛና መብራቱ

በሌሊት በኪዳንና በማኅሌት ጊዜ ለሚያነብ አባት ጧፍ ይዞ የቆመ ልጅ፥ ማንም በቃል ያልነገረውን አንድ ትምህርት ይማራል። ጧፉን በአንባቢው ፊት ለፊት ቢይዝ ነበልባሉ የአንባቢውን ዓይን ይወጋል፤ ከኋላው ቢቆም የአንባቢው ጥላ በመጽሐፉ ላይ ይወድቃል፤ እጅግ ቢያቀርበው ሰሙ በብራናው ላይ ይንጠባጠባል፤ ቢያርቀው ደግሞ ፊደሉ ይጠፋል። አንድ ሁለት ጊዜ ከተገሠጸ በኋላ ግን እጁ ትክክለኛውን ቦታ ያውቀዋል፤ ይኸውም በአንባቢው ጎን፥ ከመጽሐፉ ጥቂት ከፍ ብሎ፥ ከዓይኑ መስመር ውጭ ነው። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ እስከ ዛሬ የሚታየው የሰም ነጠብጣብ ይህን ትምህርት ገና ያልጨረሱ ልጆች የተዉት ይመስለናል፤ ከነጠብጣቡ አንዳንዱ የእኛም ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በክርስቲያን ቤተ ሰብ ውስጥ ጠረጴዛው የምግብ ማቅረቢያ ብቻ አይደለም። መምህሩ የተማሪዎቹን ፈተና የሚያርምበት፥ ነጋዴው ሒሳቡን የሚያሰላበት፥ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውን የሚገለብጥበት፥ ልጆች የሚያጠኑበት፥ በከተማም ብዙ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ሥራ በኮምፒዩተር የሚጨርስበት ቢሮ ሆኗል። ለዚህ ቢሮ መብራት ስንገዛ ግን ባለ ሱቁን የምንጠይቀው “ስንት ዋት ነው?” ብለን ብቻ ነው። ከዚያም አምፖሉን በጣራው መካከል ሰቅለን፥ ጠረጴዛውን በግድግዳው ጥግ አስጠግተን ሥራ እንጀምራለን። ጧፍ ያዡ ልጅ የተማረውን እኛ ረስተነዋል፤ ለሚያነብና ለሚጽፍ ሰው ከመብራቱ ብርታት የመብራቱ ቦታ ይቀድማል።

ነገሩን በግልጽ ያየነው በባንኮ ጎቲቲ ነው። ባንኮ ጎቲቲ በጌዴኦ ዞን በጌዴብ ወረዳ፥ ከዲላና ከይርጋ ጨፌ በስተ ደቡብ፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ የቡና አገር ነው። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን በባዶ ሜዳ አይተክልም፤ ከታች ቡናና እንሰት፥ ከላይ ዋንዛና ብርብራ የመሳሰሉ ታላላቅ ዛፎች አንድ ላይ ይኖራሉ። ይህ የአኗኗር ጥበብ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ተጽፏል። ቤቶቹም በዚሁ ጥላ ውስጥ ናቸው። ቡና ጥላ ይወዳል፤ አንባቢ ግን አይወድም። በቀትር እንኳ ከደጅ ወደ ቤት የገባ እንግዳ የተዘረጋለትን መቀመጫ ለማየት ጥቂት መቆም ይኖርበታል።

በዚያ አገር ቀድሞ ተማሪያችን የነበረ፥ ኋላ ግን የአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሒሳብ ጸሐፊ የሆነ ወጣት አለ። ጾመ ነቢያት በሚጾምበት ወራት፥ ቀዩ እሸት ቡና በሚለቀምበት ጊዜ ልንጠይቀው ሄድን። እሸት ቡና ቀን ተለቅሞ ወደ ማጠቢያው የሚደርሰው ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ነው፤ በተለቀመበት ዕለትም መፈልፈል ስላለበት ሚዛኑ እስከ ምሽት አያርፍም። ጸሐፊው በሚዛኑ አጠገብ ለገበሬው ደረሰኝ ይጽፋል፤ ከእራት በኋላም የደረሰኞቹን ቀሪ ወደ ቤቱ ይዞ ሄዶ በትልቁ መዝገብ ላይ ያሰፍራቸዋል። ይህ መዝገብ ቀላል ነገር አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ ማኅበሩ ከሽያጩ ትርፍ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ አባል የሚደርሰው ባስገባው ኪሎ መጠን ስለሆነ፥ በመዝገቡ የጎደለች ኪሎ ሁለት ጊዜ የጎደለች ናት።

እኛ በደረስንበት ሰሞን የልጁ ፊት ጠቁሮ ነበር። ምክንያቱንም ነገረን። አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ሒሳባቸውን ሊሰሙ መጥተው መዝገቡ ሲነበብላቸው፥ በአንዱ ዕለት 33 ኪሎ አስገብተዋል ተባሉ። እርሳቸውም፥ “ልጄ፥ እኔ ማንበብ አላውቅም፤ ነገር ግን ሚዛኑ ላይ ሠላሳ ስምንት ተብሎ ሲጠራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ” አሉ። ደረሰኙን ከመቀነታቸው ፈትተው ቢያወጡት በእርግጥ 38 ይላል። መዝገቡ በዚያው ታረመ። ነገር ግን ወሬው ከመዝገቡ ፈጥኖ ሄደ፤ “የእናቲቱን አምስት ኪሎ ማን ወሰደው?” የሚል ሰው ተነሣ። ሌሎችም ደረሰኞቻቸውን ይዘው መጡ፤ ሌላም ስሕተት ተገኘ። ከስሕተቶቹ አንዳንዶቹ ማኅበሩን፥ አንዳንዶቹ ገበሬውን ይጎዱ ስለነበር ሆን ተብሎ የተሠራ አለመሆኑ ለአስተዋይ ሰው ግልጽ ነው፤ ለተቆጣ ሰው ግን እንዲህ ያለውን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

“የኔታ፥ እኔ አልሰረቅሁም” አለን።

“የምትጽፍበትን ቦታ አሳየን” አልነው።

ጠረጴዛው መስኮት በሌለው ግድግዳ ሥር ነበር። ኩራዙ በቀኝ እጁ በኩል፥ ከዓይኑ ጋር እኩል በሆነ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ብዕር ይዞ እንዲቀመጥ ነገርነው፤ በተቀመጠም ጊዜ የቀኝ እጁ ጥላ ልክ በሚጽፍበት መስመር ላይ ወደቀ። ቀና ባለ ጊዜ ደግሞ ነበልባሉ ዓይኑን ይወጋዋል። ከብርቱ ነበልባል ወደ ጨለማ ወረቀት በሚመለስበት ጊዜ ዓይን እስኪለምድ ድረስ ጥቂት ይታወራል፤ 3 ቁጥር 8 የሚሆነው፥ 1ም 7 የሚሆነው በዚያች ቅጽበት ነው። የእኛም ፊደል ከዚህ አይሻልም። ‹ቡ›ና ‹ቢ› የሚለዩት ቅጥያዋ በወገብ ወይም በእግር በመሆኗ ብቻ ነው፤ ይህች ቅጥያ በጥላ ውስጥ ከተደበቀች ስመ ክርስትና ይለወጣል፥ ዕዳ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይዞራል።

ኩራዙን አንሥተን በግራው በኩል፥ ወደ ወረቀቱ አስጠግተን አኖርነው፤ በነበልባሉና በዓይኑ መካከልም የደብተር ክዳን አቆምን። ላምባው ያው ላምባ ነው፤ ክሩም ያው ክር ነው። ልጁ ጥቂት መስመር ከጻፈ በኋላ ብዕሩን አኑሮ ዝም አለ።

ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር የሚቀንሰው በርቀቱ ልክ ሳይሆን በርቀቱ ካሬ ነው። መብራቱን ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ብናቀርበው በወረቀቱ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል፤ ወደ ግማሽ ሜትር ብናቀርበው ዐሥራ ስድስት እጥፍ። በወረቀት ላይ የሚያርፍ ብርሃን በሉክስ ይለካል፤ አንድ ሻማ ከ1 ሜትር ርቀት የሚሰጠው ወደ 1 ሉክስ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። በአውሮፓ ለሥራ ቦታዎች የወጣው ደረጃ ለንባብና ለጽሕፈት 500 ሉክስ ይጠይቃል። ይህን ያህል ብርሃን በአንድ ክፍል ሁሉ ለማፍሰስ ብዙ አምፖል ያስፈልጋል፤ በአንድ ወረቀት ላይ ለማፍሰስ ግን ትንሽ አምፖል ይበቃል። ከጠረጴዛው 2 ሜትር ከፍ ብሎ ራቁቱን ከተሰቀለ ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ ይልቅ፥ ቆብ ባለው የጠረጴዛ መብራት ውስጥ በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚበራ ባለ 5 ዋት በወረቀቱ ላይ ከዐሥር እጥፍ በላይ ብርሃን ያሳርፋል፤ ይህም ግድግዳውና ጣራው የሚመልሱት ሳይቆጠር ነው። ለኤሌክትሪክ የሚከፈለው ገንዘብም ያንሳል።

ጌታችን በወንጌል ያነሣው መብራት በመቅረዝ ላይ የሚቆመው በቤት ላሉት ሁሉ እንዲያበራ ነው። ይህ የቤት መብራት ነው፤ አስፈላጊነቱም አይካድም፤ ክፍሉ ጨልሞ ወረቀቱ ብቻ ቢበራ ዓይን በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ይደክማልና። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ራሷ መቅረዝ እያለ ለአንባቢው ሌላ ጧፍ ይያዝለታል። ሁለቱ ሥራቸው የተለያየ ነው። በቤትም ከላይ ለስላሳ የቤት መብራት፥ በጎን ቅርብ የጽሕፈት መብራት ቢኖር መልካም ነው፤ ሁለቱን መግዛት የማይቻል ከሆነ ግን የሚቀድመው የጎኑ ነው እንላለን። በቀኝ እጁ ለሚጽፍ በግራ፥ በግራ እጁ ለሚጽፍ በቀኝ ይቁም። ግራኝ ልጅ ያላቸው ወላጆች ይህን አይርሱ።

ሌሊት እንዲህ ከሆነ የቀኑ ብርሃንስ? በነጻ የተሰጠንን ትተን የሚገዛውን ብቻ መፈለግ ሞኝነት ነው። ደመና በሸፈነው ቀን እንኳ ከደጅ ያለው ብርሃን በብዙ ሺህ ሉክስ ይቆጠራል፤ በመስኮት አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ከዚህ ጥቂቱ ቢደርሰው ከማናቸውም አምፖል ይሻለዋል። ፀሐይ በጌዴኦ ሰማይ በቀትር ከመስከረም እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ወደ ደቡብ፥ ከሚያዝያ እስከ ጳጉሜን ደግሞ ወደ ሰሜን ጥቂት ታዘነብላለች፤ በሁለቱም ጊዜ ግን ከፍ ብላ ስለምታልፍ የጣራው ክፈፍ ይከልላታል። በዚህ ምክንያት ለጽሕፈት የሚመረጠው መስኮት ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የሚያይ ነው። በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት ግን የጧትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ገብታ ዓይን ትወጋለች። ጠረጴዛው መስኮቱን በጎኑ ይያዝ፤ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞረ ይታወራል፥ ጀርባውን የሰጠ በራሱ ጥላ ይጽፋል። በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ይህን ይልቁንም ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ከኋላው ያለው መስኮት በመስተዋቱ ላይ እየታየ ጽሕፈቱን ይሸፍንበታልና።

በአብነት ትምህርት ቤት የኖሩ አባቶቻችን ይህን በሥርዓት አስቀምጠውት ነበር። ንባብ የቀን ነው፤ ቃል የማታ ነው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን በጉልበቱ ላይ አድርጎ የሚጽፈው በቀን ብርሃን ነው፤ ጀምበር ስትጠልቅ ግን ተማሪው መጽሐፍ ሳይዝ ከመምህሩ አፍ ጸሎቱን በቃሉ ያጠናል። እኛ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ከገባን በኋላ ይህን ሥርዓት የድህነት ምልክት አድርገን ቆጥረነው ነበር። አሁን ስናስበው ብርሃንን እንደ ሥራው መመደብ ነበር። በጌዴኦ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሳይሆን ይጨልማል። መብራቱ ደካማ በሆነበት ቤት ልጁ ሒሳቡንና ጽሕፈቱን ጀምበር ሳትጠልቅ ቢሠራ፥ በቃል የሚያጠናውን ደግሞ ለማታ ቢያቆይ፥ ያለ አንዳች ወጪ ብዙ ይጠቀማል። ከትምህርት ቤት የተመለሰውን ልጅ በቀጥታ ለውኃና ለከብት መላክ የለመድን ወላጆች እዚህ ላይ ራሳችንን እንመርምር።

ወደ ሱቅ ስንሄድም ዋቱን ትተን በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሉመን እንይ። ዋት አምፖሉ የሚበላው ነው፤ ሉመን ግን የሚሰጠው ነው። የቀድሞው ባለ 60 ዋት ክር አምፖል የሚሰጠውን 800 ሉመን ያህል ብርሃን ዛሬ ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ ይሰጣል። የብርሃኑ መልክ ደግሞ በኬልቪን ይጻፋል፤ 2700 የሚለው እንደ ጧፍ ወደ ቢጫ ያደላ፥ 6500 የሚለው ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ነው። ብዙ ሰው ነጩን ይመርጣል፥ ብርቱ ስለሚመስለው። ለቀን ሥራ 4000 ገደማ የሆነው ይስማማል፤ ከእራት በኋላ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላው ብርሃን እንቅልፍን ስለሚያርቅ ሌሊት ለኪዳን የሚነሣ ሰው 2700ውን ወይም 3000ውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ካርቶኑ ሁልጊዜ እውነት ስለማይናገር ሁለት ፈተና እናውቃለን። መጀመሪያው የቀይ ቀለም ፈተና ነው። በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በአምፖሉ ሥር ስንገልጠው ቀዩ ከጥቁሩ ፈጥኖ ካልተለየ፥ ወይም ቡናማ ከመሰለ፥ አምፖሉ ቀለም ይገድላል። የጎቲቲ ሰው መጽሐፍ ይዞ ሱቅ መሄድ ባይመቸው በኪሱ አንድ የበሰለና አንድ ያልጠነከረ እሸት ቡና ይያዝ፤ በለቀማ የሠለጠነ ዓይን ልዩነቱን በዚያ አምፖል ሥር ካላየ አይግዛው። ሁለተኛው የብዕር ፈተና ነው። በመብራቱ ሥር ብዕር በፍጥነት ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ፥ እንደ ጭስ በአንድነት ከመታየት ይልቅ ተቆራርጦ እንደ ብዙ ብዕር ከታየ፥ አምፖሉ ዓይናችን ሳያስተውለው እየበራ እየጠፋ ነው፤ እንዲህ ያለው መብራት በብዙ ሰው ላይ የራስ ምታትና የዓይን ድካም ያመጣል።

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ወይም በሚቋረጥበት ቤት ነገሩ ሌላ ነው። ኩራዝ ብርሃኑ ከ10 ሉመን ብዙ አይበልጥም፤ ክፋቱ ግን ከብርሃኑ ማነስ ይልቅ በጭሱ ነው። ብርጭቆ በሌለው ኩራዝ ከሚነደው ላምባ በክብደት ከመቶ 7 እስከ 9 የሚሆነው ጥላሸት ሆኖ እንደሚወጣ በምርምር ተለክቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ላምባን በቤት ውስጥ ማንደድ እንዲቀር መክሯል። ኩራዙን ወደ ወረቀቱ አቅርቡ ስንል ወደ ልጁ አፍንጫም ማቅረባችን ነውና፥ ይህ ምክር የቸገረ ሰው ምክር መሆኑን አንሰውርም። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ መብራት መግዛት የሚቻል ከሆነ የቡናው ገንዘብ ሲገኝ ከጃንጥላና ከሬዲዮ በፊት ይታሰብ። ነገር ግን ሰሌዳው በእንሰትና በዋንዛ ጥላ ሥር ከተቀመጠ አይሞላም፤ ጥላው የሰሌዳውን ጥግ ብቻ ቢሸፍን እንኳ ኃይሉን እጅግ ይቀንሰዋል። በጥላ አገር ለሰሌዳው ፀሐያማ ቦታ መፈለግ የቤቱ ልጆች የየዕለት ሥራ ይሁን።

አንድ ነገር ስለ ሽማግሌዎች እንጨምር። የ60 ዓመት ሰው በዓይኑ ውስጥ የሚገባለት ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሢሶው ያህል ነው፤ ብሌኑ ይጠብባል፥ የዓይኑ ሌንስም ይደፈርሳል። አባት፥ “ይህ መብራት አያሳይም” ሲሉ ልጅ፥ “እኔ አየዋለሁ” ብሎ መመለሱ ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በአንድ መብራት የሚጠቀም ቤተ ሰብ ለመብራቱ የሚቀርበውን መቀመጫ ዳዊት ለሚደግሙት አያት ይስጥ። ለወጣቱ ግን በደብዛዛ ብርሃን ማንበብ ዓይን ያጠፋል የሚለው የቆየ ማስፈራሪያ አልተረጋገጠም፤ ዓይኑ ይደክማል፥ ራሱን ያመዋል፥ ይሳሳታል እንጂ አይታወርም። የሚሳሳተው ግን በሰው ኪሎ ላይ ሊሆን ይችላል።

በተከታዩ ዓመት ጥር ላይ ወደ ባንኮ ጎቲቲ ተመልሰን ነበር። ልጁ በቤቱ ግድግዳ ወደ ሰሜን አንዲት ጠባብ መስኮት አስከፍቷል፤ ጠረጴዛው በጎኗ ቆሟል፤ ጥላሸት የለበሰውንም ግድግዳ ታጥቦ ነጭ አፈር አስቀብቶታል። በግራው በኩል በሸምበቆ ላይ የታሰረች የፀሐይ መብራት አለች፤ ቆቧን የሠራው ከወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ማታ ደረሰኞቹን በዕለታቸው ይደረድራል እንጂ በትልቁ መዝገብ ላይ አይጽፍም፤ በመዝገቡ የሚያሰፍራቸው በማግስቱ ጧት ነው፥ ያንጊዜም ታናሽ እኅቱ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነብለታለች። ከዚያች እናት ጋር ምን ላይ ናችሁ ብለን ብንጠይቀው፥ “ደረሰኛቸውን አሁንም በመቀነታቸው ይቋጥራሉ፤ ነገር ግን በዚህ ዓመት ፈትተው አላሳዩኝም” አለን።